ከአራት ኪሎ እስከ ጎጆ፤ በሸንጎ ስለ ተነገረውና ስላልተነገረው

የአገሩን ምክር ቤት ለማወቅ የሚሻ ሰው ዘወትር የሚሄደው ወደ አዳራሹ ነው፤ በአራት ኪሎ የቆመውን የሰዓት ማማ አይቶ፣ የአፈ ጉባኤውን መንበርና የእንደራሴዎቹን ረድፍ ተመልክቶ፣ ሥርዓቱን አድንቆ ወይም ነቅፎ ይመለሳል። እኔ ግን ሕግ አውጪ የተባለው ታላቅ ጉባኤ ዐዋጁ ከሚደርስበት ገበያና እንደራሴው ከተነሣበት ቀበሌ ሆኖ ቢታይ ይልቅ ይታወቃል የሚል አሳብ ካደረብኝ ብዙ ዘመን ሆኖኝ ስለ ነበር፣ ምክር ቤቶቹ የዓመቱን ሥራ ከጀመሩ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ላይ ወደ ተቈረቈረችው የጄልዱ ወረዳ ከተማ ወደ ጎጆ ተጓዝሁ።

መነሻዬም አራት ኪሎ ሆነ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እዚያ ነውና። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሲሰጡ፣ ረቂቁን ያሰናዱት በሩሲያ አገር የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ፤ አብነት የሆናቸውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1889 የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ለአገራቸው የሰጡት ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ አንደኛው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተብሎ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚሾሟቸው መኳንንትና ሹማምንት የሚቀመጡበት፣ ሁለተኛውም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተብሎ፣ ሕዝቡ በራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በማለት፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት የሚመርጧቸው እንደራሴዎች የሚሰበሰቡበት ነበር። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1215 ባላባቶቹ ንጉሥ ዮሐንስን አስገድደው ማግና ካርታ የተባለውን ቃል ኪዳን በማኅተሙ እንዲያጸና ካደረጉት በኋላ፣ ንጉሥ ለጦርና ለግብር ገንዘብ በፈለገ ቍጥር ገንዘቡን የሚከፍሉትን ሰዎች እየጠራ ማማከር ግድ እየሆነበት ፓርላማ የተባለው ጉባኤ በዘመናት ብዛት ቀስ በቀስ አደገ፤ በእኛ ዘንድ ግን አስቀድሞ መንበሩ ተሰናዳ፣ ተቀማጩ ከዚያ በኋላ ተፈለገ፣ ጠያቂው ግብር ከፋይ ግን ለረጅም ዘመን ከደጅ ቀረ። በዚህ ጉዞ ያየሁትና የሰማሁት ሁሉ የዚህ አጀማመር ፍሬ ሆኖ ታየኝ።

ከአራት ኪሎ ተነሥቶ፣ ከቡራዩ ወጥቶ የመናገሻን ተራራ እያዩ ሲነዱ ሆለታ ትደርሳለች። በዚህች ከተማ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የተከፈተው የገነት ጦር ትምህርት ቤት ለአገሪቱ ብዙ መኮንኖችን አፍርቷል፤ ከእነርሱም አንዱ ኋላ የደርግ መሪ የሆኑት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነበሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋናቸው ያወረደው ወታደራዊው ደርግ በዚያው ቀን ሕገ መንግሥቱን አግዶ ሁለቱን ምክር ቤቶች በተነ። አርባ ሦስት ዓመት የኖረ ሸንጎ በአንድ ዐዋጅ ሲዘጋ ከሕዝቡ መካከል ደጁን ልጠብቅ ብሎ የወጣ ሰው አለመኖሩን ባሰብሁ ጊዜ፣ መሣሪያው ከማን እጅ ነበር ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ሸንጎው የማን ነበር የሚለው ጥያቄ በአሳቤ ገዝፎ ታየኝ።

አዲስ ዓለም ደግሞ ሌላ ነገር ታሳስባለች። ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ሊያደርጓት አስበው የነበረችው ይህች ከተማ፣ ከርእሰ ከተማነት ብትቀርም በማርያም ቤተ ክርስቲያኗና በሊቃውንቷ የተከበረች ሆና ቀርታለች። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሕግ የሚባለው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትና የንጉሡ ችሎት ነበር፤ ሕግን ይተረጕሙት ነበር እንጂ ሕግን ተሰብስቦ ማውጣት በዚያ እንደ ሰው ሥራ ገና አልታሰበም ነበር። ነገር ግን ሸንጎ የሚያስፈልገውን አዲስ ዓይነት ሰው ያበቀለች ይህችው ከተማ ናት። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ እዚህ ተወልደው፣ በውጭ አገር ተምረው፣ በጠላት ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው፣ ተማርከው በጣሊያን አገር ታስረው፣ ከዚያም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተው፣ ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ በሕዝብ ድምፅ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ከእርሳቸው በኋላ አንዲት ሴት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአፈ ጉባኤነት መንበር ላይ እስክትቀመጥ ድረስ ግን እስከ 2010 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን፤ እርስዋም ሙፈሪያት ካሚል ናት።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው ያ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት፣ በወረቀት ላይ ሲታይ፣ ከቀዳሚው እጅግ ሰፊ ነበር። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች በየአራት ዓመቱ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ፣ ሴቶችም ወንዶችም ድምፅ እንዲሰጡ፣ በጀቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች ሳይመከርበት እንዳይጸና፣ ያለ ሕግም ግብር እንዳይጣል ደነገገ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ማኅበር ስላልነበረ እያንዳንዱ እንደራሴ ብቻውን ገብቶ ብቻውን የሚወጣ ነበር፤ በሕግ መወሰኛው የሚቀመጡት ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ የተሾሙ ነበሩ፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበትን ሕግ የማጽደቅና የመመለስ፣ ምክር ቤቱንም የመበተን ሥልጣን በዙፋኑ እጅ ቀረ፤ ከሁሉም በላይ ግን ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ውስጥ በምርጫ ሕጉ በተወሰነው መጠን ንብረት ያለው እንዲሆን ታዘዘ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል በንባብ ጊዜ ትንሽ ትመስላለች፤ ትልቅ መሆንዋን የተረዳሁት ጎጆ ከደረስሁ በኋላ ነው።

ከጊንጪ ከተማ ዋናውን የአምቦ መንገድ ለቅቆ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ መሬቱ እየወጣ፣ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ድንችና ገብስ፣ ዶሮና ሰው በአንድነት ጭኖ እያቃሰተ ይወጣል፤ በግራና በቀኝ የባሕር ዛፍ ጥሻ፣ ከጥሻው ወዲያ ለአጨዳ የተቃረበ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ጠርዝ የሣር ክዳን ቤቶችና የቆርቆሮ ቤቶች ተቀላቅለው ይታያሉ። ከጄልዱ ደጋ የሚነሡት ጅረቶች፣ ሜጃ የተባለውም ወንዝ ጭምር፣ ውሃቸውን ወደ ዓባይ ይልካሉ። በገበያ ቀን ፈረሰኛው ይበዛል፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በፈረሱ ጀርባ ከረጢት አመቻችቶ የሚመጣው ገበሬ ድንቹን ሲያራግፍ ዋጋ የሚጠይቀው የአዲስ አበባውን ነጋዴ በስልክ ደውሎ ነው። ከተማዪቱ ትንሽ ብትሆንም የወረዳ አስተዳደር፣ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት አላት፤ ሰው የሚነጋገረው በኦሮምኛ ነው፣ ለእንግዳ ግን አማርኛን አይነፍጉም።

በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ካገኘኋቸው ሽማግሌዎች መካከል ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ አንድ አባት ነበሩ። ሰላምታ ተሰጣጥተን፣ ከወዴት እንደ መጣሁና ምን እንደምሻ ከነገርኋቸው በኋላ፣ «አባቴ፣ እርስዎ በጃንሆይ ጊዜ ለፓርላማ መርጠው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት መርጫለሁ፤» አሉኝ። «መጨረሻዋ እርስዋ ነበረች።»

«ማንን መረጡ?»

ጥቂት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ የማርሰውን መሬት ባለቤት ነዋ!» አሉ። «ሌላ ማንን ልመርጥ? ሌላ ቢኖርስ መሬት የሌለው ሰው ይመረጣል እንዴ?»

ከአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ እርሳቸውም ሳቁ፤ ነገር ግን በዚያች አንዲት መልስ ውስጥ የአንድ ሥርዓተ መንግሥት ታሪክ ተጠቅልሎ ነበር። ጭሰኛው ድምፅ መስጠት ይችል ነበር፤ መመረጥ ግን የሚችለው ንብረት ያለው ነበር፤ በዚህ አገር ደግሞ ንብረት ማለት መሬት ነበርና ጭሰኛው ወደ ሸንጎ የሚልከው ሰው ሲሶ ወይም እኩል የሚያካፍለውን ባለ መሬት ሆነ። ለዚህም ነው በስልሳዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ራሱ የባለ መሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት በሕግ የሚወስን ረቂቅ አሰናድቶ ደጋግሞ ለምክር ቤቱ ባቀረበ ጊዜ፣ ረቂቁ ከኮሚቴ ወደ ኮሚቴ፣ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲንከራተት ኖሮ ሥርዓቱ እስኪወድቅ ድረስ ሕግ ሳይሆን የቀረው። እንደራሴዎቹ ክፉ ሰዎች ስለ ነበሩ አልነበረም፤ ከመካከላቸው ለአገራቸው የሚቈረቈሩ፣ ሚኒስትሮችን በድፍረት የሚጠይቁ፣ በጀት ሲቀርብ ቍጥሩን በጥንቃቄ የሚመረምሩ ነበሩ። ነገር ግን ማንም ሰው በገዛ ጎተራው ላይ እንዲፈርድ ተደርጎ በተዋቀረ ሸንጎ ውስጥ የጎተራው ነገር አይወሰንም።

ሸንጎው ያልወሰነውን ነገር ሌላ ወሰነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ቍጥር 31 ሲታወጅ፣ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት በአንድ ቀን ፈረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር የማይበልጥ የእርሻ መሬት እንዲደርሰው ተፈቀደ። እኒያ አባት ስለዚያ ቀን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተለወጠ፤ የደስታውን ጭፈራ፣ ከአዲስ አበባ የዘመቱትን ተማሪዎች፣ በኋላም የመጣውን ኮታና የልጆች ወደ ጦርነት መወሰድ በተራ በተራ አወሱልኝ። እኔ ግን አንድ ነገር ልቤን ይዞት ነበር። በዘመናችን የዚህን ደጋ ገበሬ ኑሮ ከሥር መሠረቱ የለወጠውን ሕግ ያወጣው ምክር ቤት አልነበረም፤ ምክር ቤቱን የዘጋው ወታደር ነበር። በሸንጎ ተመክሮበት፣ ባለ መሬቱም ጭሰኛውም ተሰምተው፣ ካሳውና ሽግግሩ ታስቦበት ሊወጣ ይችል የነበረ ሕግ በጠመንጃ ጥላ ሥር ወጣ፤ ጠመንጃውም ከዚያ ወዲያ ለአሥራ ስድስት ዓመት አልወረደም። ኋላም 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተሰብስቦ ሪፐብሊክ ሲያውጅ እንኳ፣ በብቸኛው ፓርቲ በኢሠፓ ይሁንታ የተመረጠው ያ ታላቅ ጉባኤ ከላይ የወረደለትን ከማጽደቅ ያለፈ ሥራ አልነበረውም።

አሁን ያለው ሥርዓት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ላይ የቆመ ነው። እርሱም ሁለት ምክር ቤቶችን ያቆማል፤ ግን የቀድሞዎቹ መልክ አይደሉም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላቱ ከ550 የማይበልጡ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ቍጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች የተጠበቁ፣ ለአምስት ዓመት በቀጥታ የሚመረጡ ናቸው፤ በየምርጫ ክልሉም አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ሕግ የሚያወጣው ይህ ብቻ ነው። በጀት ያጸድቃል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚሰየመው ከመካከሉ ነው፤ የሚኒስትሮችንና የፌዴራል ዳኞችን ሹመት ያጸድቃል፤ ዋናው ኦዲተር የመንግሥትን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለእርሱ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችን ባለ ሥልጣኖች ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣንም አለው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በተቃራኒው ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥቱን ይተረጕማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሣን ክርክር ይወስናል፣ የጋራ ገቢና ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል። እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪው አንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ተጨማሪ ወኪል በዚያ አለው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው በጊዜው ሊደረግ ባልቻለ ጊዜ፣ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲራዘም የወሰነው ይኸው ምክር ቤት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ሕግን በሚተረጕም ገለልተኛ ፍርድ ቤት ፈንታ የብሔሮች ወኪሎች ሸንጎ ሕገ መንግሥትን እንዲተረጕም መደረጉ በዓለም ላይ ብዙ አምሳያ የሌለው ሥርዓት ነው።

የሕግ አወጣጡም ሥርዓት አለው። አብዛኛውን ጊዜ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፤ በመጀመሪያ ንባብ ከተሰማ በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው ባለ ጉዳዮችን ጠርቶ አስተያየት ይሰማል፤ ከዚያም በሁለተኛ ንባብ ክርክር ተደርጎ በእጅ ማውጣት ይወሰናል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ሕጉ ይጸናል፤ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞም ይወጣል። ጉባኤው የሚሰበሰበው ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ክረምቱና ዕረፍቱ ለእንደራሴው የስንፍና ጊዜ ተብለው አልተሰጡም፤ ወደ መራጮቹ ተመልሶ የሠራውን የሚነግርበት፣ ያልሠራውን የሚጠየቅበት ጊዜ ናቸው።

ይህን ሁሉ በጎጆ ገበያ መካከል ቆሞ ማሰብ ከንቱ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ልጆቻቸው ስለሚማሩበት ክፍል መጣበብ ሲነግሩኝ፣ የዚያን ክፍል ገንዘብ መንገድ በልቤ ተከተልሁት፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባወጣው ቀመር፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ ባጸደቀው በጀት፣ ድጎማው ለኦሮሚያ ክልል ይተላለፋል፤ በክልሉ ምክር ቤት፣ በጨፌ ኦሮሚያ፣ ዳግመኛ ተከፋፍሎ ወደ ወረዳው ይወርዳል፤ ከወረዳውም ወደ ትምህርት ቤቱ። አንድ እጅ አዳራሽ ውስጥ ወጥቶ ሲወርድ፣ የእኚህ እናት ልጅ ወንበር አገኘ ወይም መሬት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። በዚያው ከተማ ያገኘሁት አንድ የሥነ ዜጋ መምህር ግን እንዲህ አለኝ፤ «ተማሪዎቼ የአባላቱን ብዛትና የሥራ ዘመኑን በቃላቸው ይወጡታል፤ የእኛን እንደራሴ ስም ስጠይቃቸው ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።» የጄልዱን ብቻ አድርጌ አልሰማሁትም፤ አዲስ አበባም ቢሆን ያው ነውና።

ከጎጆ ወርጄ እንደ ገና ጊንጪ ስደርስ ከመኪና ወርጄ ጥቂት በእግሬ ሄድሁ። ከከተማዪቱ በላይ ጽዱና ዝግባው የተረፈው የጭልሞ ደን ይታያል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የዚህች ከተማ ተማሪዎች የጀመሩት ተቃውሞ መላውን ኦሮሚያ አዳርሶ፣ ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት፣ በመጨረሻ የመንግሥት አመራር እስኪለወጥ ድረስ ያልቆመ እንቅስቃሴ ሆነ። ለዚያ ዘመን ቍጣ ምክንያት ከነበሩት ነገሮች አንዱ የአዲስ አበባና የዙሪያው የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ነበር፤ በመጣሁበት መንገድ ላይ ያሉት ቡራዩና ሆለታ ከነዚያ ከተሞች ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ በዚያን ጊዜ የነበረውን ሸንጎ አስተውል፤ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ይዘው ነበር። ከገዢው ወገን ያልሆነ አንድ እንደራሴ እንኳ በአዳራሹ አልነበረም። በጊንጪና በአምቦ በየቤቱ የሚነገረው ነገር በዚያ አዳራሽ አፍ አላገኘም፤ ስለዚህ አፉን በአስፋልት ላይ አገኘ። ማስተር ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ሲሰረዝ፣ እንዲሰረዝ ያደረገው የሸንጎ ክርክር አልነበረም።

ከዚህም ጋር አብሮ መታየት ያለበት ሌላ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅ ተናግሮ፣ ዝርዝሩ በሕግ እንደሚወሰን አዝዟል። ያን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው ምክር ቤት ነው፤ ይሁን እንጂ ረቂቁ ለምክር ቤቱ የደረሰው በሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ሕገ መንግሥቱ በጸደቀ በ22 ዓመቱ፣ ይኸውም መንገዱ ከጮኸ በኋላ ነው፤ ዐዋጅ ሆኖም አልወጣም። የጭሰኛው ረቂቅ በጃንሆይ ምክር ቤት ውስጥ ሲንከራተት የኖረበትን ዘመን ከጎጆ ይዤ ስለ ወረድሁ፣ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ከማኖር በቀር ሌላ ማድረግ አልቻልሁም። ሥርዓቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ አባላቱም ሌሎች ነበሩ፤ በሁለቱም ጊዜ ግን አገሪቱን የነቀነቀው፣ ሸንጎው ሊነጋገርበት ሲገባው ያልተነጋገረበት ነገር ነው።

ደግሞም ሸንጎው የተነጋገረበት ቀን ምን እንደሚመስል መርሳት አይገባም። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያ ተቃውሞ ዘመን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ዐዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በዚያ ሙሉ በሙሉ በአንድ ወገን በተያዘ አዳራሽ 88 እጆች ተቃውመው ወጡ፤ 7 አባላት ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ፤ የድጋፉ ቍጥር መጀመሪያ 346 ተብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ 395 ተብሎ መታረሙ ብዙ አነጋገረ። ዐዋጁ ጸደቀ። ነገር ግን ለዓመታት የአባላቱን እጅ በአንድነት ሲወጣ ብቻ ያየ ሕዝብ፣ ያን ቀን እጅ ለሁለት ሲከፈል አየ፤ የመንገዱም ድምፅ ወደ አዳራሹ መግባት መጀመሩን አወቀ። አንድ ወር ተኩል ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አምቦ ላይ ለሕዝቡ ቆመው ይናገሩ ነበር።

አምቦ የገባሁት በመሸ ጊዜ ነበር። በጃንሆይ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው ይህች ከተማ በማዕድን ውሃዋ፣ በአቅራቢያዋም ቦዳ በተባለው ስፍራ በተወለዱት በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትታወቃለች። ከእርስዋ ወደ ምዕራብ ዘልቆ ሲኬድ የመጫ ኦሮሞ ሸንጎ የነበረው ኦዳ ቢሲል ይገኛል፤ በትውፊት የመጫን ሕግ የደነገገው መኮ ቢሊ መሆኑ ይነገራል። ምክር ቤት የሚባለውን ነገር ከጃፓን ከመማራችን በፊት በዚህ አገር ከዛፍ ጥላ ሥር ሕግ በጉባኤ ይወጣ ነበር፤ በገዳ ሥርዓት መሠረት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይተላለፍ ነበር፤ ሥልጣኑን ያላግባብ የተጠቀመ አባ ገዳም ዘመኑ ሳይፈጸም የሚወገድበት ሥርዓት ነበር። ክልሉ ዛሬ ለምክር ቤቱ ጨፌ የሚል ስም የሰጠው ይህን ቅርስ አስቦ ነው፤ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በጥንቱ ሸንጎ ሴቶች እኩል ድርሻ እንዳልነበራቸው ግልጽ ነውና ሁሉንም ነገር ከዚያ እንቅዳ አልልም፤ ሕግ አውጪውን ሕግ ባወጣለት ሰው ፊት ማቆም የሚለው አሳቡ ግን ከማንም የተበደርነው አይደለም።

ያው አሳብ በጽሑፍም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 እንደራሴው የመላው ሕዝብ ወኪል መሆኑን ተናግሮ፣ ተገዢነቱ ለሦስት ነገሮች ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ፓርቲ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። መራጩም አመኔታ ያጣበትን እንደራሴ በሕግ መሠረት ከምክር ቤቱ የማውረድ መብት አለው። በሸንጎ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት እንደራሴው እንዳይከሰስ ሕጉ ከለላ ሰጥቶታል፤ ከለላው የተሰጠው ሊጠቀምበት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው ከታወቀው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ሲይዝ፣ የአዳራሹ አወቃቀር ዳግመኛ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የኅሊና ሸክም በእያንዳንዱ እንደራሴ ትከሻ ላይ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ከዚህ ጉዞ የያዝሁት ፍርድ አጭር ነው። የሕግ አውጪ ትልቁ ሥልጣን ሕግ ማውጣት አይደለም፤ ሕግ በሌሎችም ሊወጣ እንደሚችል ዐዋጅ ቍጥር 31 አስተምሮናል። ትልቁ ሥልጣኑ አገር የሚያስጨንቃትን ነገር መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በአዳራሹ ውስጥ በስሙ ጠርቶ መነጋገር ነው። ሕገ መንግሥቶቻችን ከ1923 ጀምሮ ማን መንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ ደጋግመው ለውጠዋል፤ የተቀመጠው ወደ ማን እንደሚመለከት ግን ዐዋጅ ብቻውን አይወስነውም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የጎጆው መምህር ተማሪዎቹን የጠየቀውን ጥያቄ አንተም ለራስህ ጠይቅ፤ የምርጫ ክልልህ እንደራሴ ማን እንደ ሆነ ዕወቅ፣ ባለፈው ዓመት በምን ነገር ላይ እጁን እንዳወጣና በምን ነገር ላይ ዝም እንዳለ መርምር፣ በዕረፍቱ ወራት ወደ አገርህ ሲመጣም በአክብሮት ተቀብለህ ጠይቀው። ጠያቂ የሌለው ሸንጎ ለሚያስፈራው ይገዛልና።